በስንጥቁ ላይ የተለጠፈ ወረቀት

ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለአቶ ሜትር፤

ከራስ ፀጉርህ እስከ ጫማህ ሶል ደኅና ነህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን አራት ፎቅ ወጥቶ ነው የሚያማርረው፣ ተቀምጦ አይደለም። ፈጣሪ የምትረግጠውን መሬት ሁሉ ያጽናልህ።

የላክከው መርፌ ደርሶኛል፤ ሃያ አራቱም ሳይጣመሙ። ባለፈው ሳምንት በአንዱ የአንድ ጠበቃ መዝገብ ሰፋሁበት፣ ስድስት መቶ ገጽ ነው፣ ጫፉ ዛሬም እንደ ተገዛ ነው። እጅህ ይባረክ። ከእንግዲህ ግን መርፌም ክርም አትላክ፣ የሚበቃኝ አለኝ። አሁን የምፈልገው ምክር ነው።

ከሕንፃችን ጎን የነበረው የእንጨት መጋዘን ፈርሷል። በቦታው ሃያ ሁለት ፎቅ አፓርታማ ሊሠሩ መሬቱን ይቆፍራሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብረት መትከል ይጀምራሉ፤ በእያንዳንዱ ምት ከወለሉ ሳንቃ መካከል አቧራ ብድግ ይላል። ሕንፃችን የክር ፋብሪካ መሆኑ ከቀረ አርባ ዓመት አልፎት፣ የዚያ ዘመን የክር ብናኝ ዛሬ ነው የሚወጣው። ስልክ የማላነሣውም ለዚህ ነው። ጆሮዬ ድሮም ደካማ፣ አሁን ደግሞ መዶሻው ተጨመረበት። "ሃሎ" ስትል "ሃ"ዋን ብቻ ነው የምሰማው።

በምሥራቁ ግድግዳዬ ላይ ስንጥቅ ወጥቷል። ከወለሉ ተነሥቶ ትከሻዬ ደርሷል፤ የቢላዋዬን ጫፍ ያስገባል። ደላላው ከስንጥቁም ቀድሞ ነው የመጣው። "እማማ፣ ይህ አሮጌ ነገር ነው፣ ሳይወድቅ ይሽጡት" ይለኛል። "አንተም ታረጃለህ፣ እንሽጥህ?" አልኩት። ሳቀና ካርዱን ትቶ ሄደ።

ቀልዱ ቀልድ ነው። ብቻዬን ስሆን ግን ስንጥቁን አየዋለሁ። እንደዚህ ያለ ቤት ድጋሚ አላገኝም። የአዲሶቹ ቤቶች ጣሪያ በእጅ ይነካል፣ በራቸው የመጽሐፍ መጭመቂያዬን አያስገባም፣ ወለላቸውም ከባዱን የወረቀት መቁረጫዬን አይሸከምም። ከዚህ ከወጣሁ ጠራዥነቴ እዚሁ ያበቃል።

አንተ ግድግዳ እየለካህ የምትኖር ሰው ነህ። ልፍራ ወይስ ልተወው? ሥራህስ እንዴት ነው?

አክስትህ

እንደ ሁልጊዜው በገጹ ግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ተው። የዓመቱን ደብዳቤዎችህን ስጠርዝ መስፊያ ቦታ እያጣሁ ነው።


ኅዳር 1

ለአክስቴ፣ ለአሳዳጊዬ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የእኔ ጤና የእርስዎን ጽሕፈት ሳይ ይበልጥ ይሻሻላል፤ ፊደልዎ አሁንም እንደ ስፌትዎ ቀጥ ያለ ነው። ፈጣሪ ለእጅዎም ለጉልበትዎም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ስንጥቅ ሁሉ አደገኛ አይደለም። አደገኛው የሚንቀሳቀሰው ነው። እዚህ የምሠራው ይህንኑ ነው። ድርጅታችን መሀል ከተማ ላይ አፓርታማ ይሠራል፤ እኔ የምለካው ግን አዲሱን ሳይሆን ጎኑ ያሉትን አሮጌዎቹን ነው። እንደ እርስዎ ያሉ ሕንፃዎች ናቸው፤ የድሮ መጋዘን፣ የድሮ ፋብሪካ፣ ዛሬ አናጺና ልብስ ሰፊ እየሠራ የሚያድርባቸው። ጠዋት ጠዋት በራቸውን አንኳኩቼ ግድግዳቸውን አያለሁ። ጎናቸው በጥልቀት ሲቆፈር አፈሩ ወደ ጉድጓዱ ይሳባል፣ ሕንፃውም አብሮ ይሄዳል። በሚሊ ሜትር ስለሆነ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ምልክት እናደርጋለን።

እርስዎም እንዲህ ያድርጉ። የጣት ስፋት ያለው ስስ መስታወት ያስቆርጡ። ስንጥቁ ላይ አጋድመው ሁለቱን ጫፍ በጄሶ ያጣብቁ። ቀኑን ይጻፉበት። ግድግዳው ከሄደ መስታወቱ ይሰበራል። ካልተሰበረ አይፍሩ።

አጥብቄ የምጽፈው ያንን ግድግዳ ስለማውቀው ነው። አባቴ ሞቶ ወደዚያ ቤት ስገባ ሰባት ዓመቴ ነበር። የቤት ሥራዬን የሠራሁት በምሥራቁ መስኮት ሥር፣ የወረቀት ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። ሜትርዎን ሰርቄ ወንበሩንም ድመቱንም ስለካ ሜትሩን አልቀሙኝም፤ "ያልለካኸውን አትቁረጥ፣ ያላየኸውን አትጻፍ" ብለው ደብተር ሰጡኝ። ዛሬ የምኖረው በዚያች ደብተር ነው። አመሰግንዎታለሁ።

ፀሐይዋ ጠዋት ጠዋት አሁንም በዚያ መስኮት ገብታ መቁረጫው ላይ ታርፋለች?

ሥራ ደኅና ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 24

ይድረስ ለአቶ ሜትር፤

ደኅንነትህን የሚጠብቅ አምላክ አይተኛብህ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ካንተ ደብዳቤ በኋላ ደግሞ ይበልጥ።

ያልከኝን አድርጌያለሁ፤ መስታወቱን ብቻ አልወደድኩትም። እጅ ይቆርጣል፣ ጄሶውም ያቆሽሻል። ደግሞም ሃምሳ ዓመት የኖርኩት ሁለት ነገር እንዳይላቀቅ በማጣበቅ ነው፤ ለአንድ ስንጥቅ ብዬ መስታወት ቆራጭ አልጠራም። ካለኝ ሁሉ ጠንካራውን ስስ ወረቀት አምስት ቦታ ቆረጥኩ። ከኋላው የጥራዝ ጨርቅ አለበስኩት። የዱቄት ሙጫ ቀቅዬ ለጠፍኩና በማለስለሻ አጥንቴ አሸሁት። መሀሉ ላይ እንደ መጽሐፍ ሽፋን መጋጠሚያ ለመተጣጠፊያ የሚሆን ትንሽ ልል ተውኩለት። ቀኑን በቀለም ጻፍኩበት። ብታየው ትኮራብኛለህ።

በየጠዋቱ መነጽሬን አድርጌ አያቸዋለሁ። አንዱም አልተቀደደ። ተመስገን። ካንተ ምክር በኋላ እንቅልፌ ተመልሷል። ደላላውንም "ግድግዳዬ ተፈትኖ አልፏል" ብዬ መለስኩት።

ከታች፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣ ሰዓት ሠሪው ሰላም ብሎሃል። ችግር ላይ ያለው እሱ ነው። ቁመታቸው ሰው የሚያህለው ቋሚ ሰዓቶቹ ማነከስ ጀምረዋል። ቲክ ይሉና፣ ቆየት ብለው ታክ ይላሉ፣ ከዚያ ይቆማሉ። በየሰኞው መጥቶ ለእያንዳንዳቸው የካርቶን ቁራጭ ይለምነኛል፤ በግራ እግራቸው ሥር ሲሸጉጥላቸው ይቃናሉ። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ሌላ ካርቶን። ትናንት ስንት ሰዓት ነው ብዬ ብጠይቀው "እንደ ካርቶኑ ነው" አለኝ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ማለት ይኸው ነው።

ስለ ሥራህ "ደኅና ነው" ብቻ ነው ያልከኝ። እኔ ስለ ወረቀት አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌልሃለሁ። አንተስ?

አክስትህ


ታኅሣሥ 12

ለአክስቴ፤

ደኅንነትዎን ከሰዓት ሠሪው አንደበት ስለሰማሁ ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፤ ምርቃትዎን ግን እንዳያሳጥሩብኝ። ያን ምስኪን ሰውዬ ለምን እንዲያ እንዳስሮጥኩት ልንገርዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ቤት ነበርኩ፤ በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ወረቀቶቹ ጋ ስደርስ ሳቅሁ። ካርቶኑ ጋ ስደርስ ሳቄ ቆመ።

ቋሚ ሰዓት የሚያነክሰው የቆመበት ወለል ሲያዘነብል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ወለሉ ድሮም ዘንበል ያለ ነው ይባላል። በየሰኞው ሌላ ካርቶን ካስፈለገው ግን ወለሉ በየሳምንቱ እየሄደ ነው። ሰዓት ሠሪው ሳያውቀው ሕንፃውን ሲለካ ከርሟል።

የእርስዎ ወረቀት አለመቀደዱ ደግሞ ግድግዳው ቆሟል ማለት አይደለም። ልል ትተውለታል። ሺህ ጊዜ ቢከፈት እንዳይላቀቅ አድርገው ነው የሠሩት። ምልክት የሚሆን ነገር ደካማ መሆን አለበት፤ ቶሎ ተሰብሮ መናገር አለበት። እርስዎ በሕይወትዎ ደካማ ነገር ሠርተው አያውቁም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መስታወት ይሁን ስል ለምን እንደሆነ አልጻፍኩልዎትም።

ለዚህ ነው ደውዬ "ዛሬውኑ መስታወት ለጥፉ፣ ዛሬውኑ ሁላችሁም ውጡ" ያልኩት። ሰዓት ሠሪው "ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እሺ" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ማታ ደውሎ መውጣታችሁን ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።

ምን እንደ ደረሳችሁ ይጻፉልኝ። ስለ መስኮቱም ጠይቄዎት አልመለሱልኝም።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 9

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ከሰዓት ሠሪው እህት ቤት ነው የምጽፍልህ። ሁላችንም በሕይወት አለን፤ ሕንፃውም ቆሟል። ይህን ያስቀደምኩት እንዳትጨነቅ ነው። አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። ለወለደችህ እናት ነፍስ ይማር፣ ላሳደገችህም ዕድሜ ይጨመርላት፤ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ሰዓት ሠሪው እያለከለከ አራተኛ ፎቅ ደረሰና "እትዬ፣ ልጅዎ ውጡ ብሏል" አለኝ።

"ሙጫ ጥጄ የት ነው የምወጣው?"

"ሙጫውን ያውርዱት። መስታወት የት አለ?"

መስታወት ከየት ይምጣ? ዞር ዞር ብሎ የአንተን የምስክር ወረቀት ከነክፈፉ ከግድግዳው አወረደ። ለሰዓት መስታወት በሚጠቀምበት መቁረጫ ሦስት ቁራጭ አወጣና በጄሶ ስንጥቁ ላይ አጋደማቸው። ቀኑን ጻፈ። የየፎቁን ሰው ጠርተን ወጣን። በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን ብቻ ገብተን አየን። ከሦስቱ ሁለቱ ለሁለት ተሰብረዋል። ሦስተኛው ያልተሰበረው ጄሶው ስላልደረቀ ነው አለኝ።

ስባሪዎቹን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ አድርገን ወደ ቁፋሮው ሄድን። ዘበኛው "ሥራ ላይ ናቸው" አለን። ሰዓት ሠሪው "እኛም ሥራ ላይ ነበርን" አለው። መሐንዲሷ መጣች፤ ልጅ እግር ናት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ስባሪዎቹን አየች፤ ተከትላን አራት ፎቅ ወጣች። መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። ቀጥላ ወረቀቶቼን አየች።

"ይህን ማን ለጠፈው?"

"እኔ ነኝ።"

አንዱን በጥፍሯ ልታነሣው ሞከረች፤ አልለቀቀም። "እማማ፣ ሕንፃው ቢወድቅ ይህቺ ወረቀት ብቻዋን ቆማ ትቀራለች" አለችኝ። ከዚያ በእጅ ሬዲዮዋ "ቁፋሮ አቁሙ" አለች። መዶሻው ቆመ። በሦስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ።

ግድግዳው አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ሄዷል። የእነሱ ምልክት የነበረው በመንገዱ በኩል ብቻ ነው፤ በእኛ በኩል አላደረጉም። ልጅቷ ይህን አልደበቀችንም። "ይህ የእኛ ጥፋት ነው" አለች፤ እንዲህ የሚል ሰው በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት፣ አንዱ አንተ ነህ። አሁን ግድግዳውን በብረት ደግፈው ከሥሩ መሠረት እየጨመሩ ነው። አንድ ሳምንት ብንዘገይ ኖሮ የምሥራቁ ማዕዘን ይወርድ ነበር ብላናለች። የእኔ አልጋ በዚያ ማዕዘን እንደሆነ ታውቃለህ። ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም፤ ለእኔ የደገሰልኝ በአንተ በኩል ነው። አመሰግንሃለሁ። ሰዓት ሠሪውም ያመሰግንሃል፤ ስልኩ የጠፋው በማግስቱ መሐንዲሷን ይዘን ስንወጣ ደረጃው ላይ ጥሎት ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቤት ምን ትሠራ ነበር? አንተ ማክሰኞ ረፋድ ቤት የምትገኝ ሰው አይደለህም።

አክስትህ


መጋቢት 20

ለአክስቴ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ የዘገየሁት ሰላምታ አጥቼ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስት ጊዜ ጥዬዋለሁ።

በኅዳር አጋማሽ ከምለካቸው አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት፣ የለጠፍኩት መስታወት ተሰብሮ አገኘሁት። ለአለቃዬ ነገርኩ። "አሁን ሥራ ማቆም አንችልም። አዲስ ለጥፍና የድሮውን ቀን ጻፍበት" አለኝ። ለጠፍኩ። የድሮውን ቀን ጻፍኩበት። ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ ቆማ "ደኅና ነው?" አለችኝ። "ደኅና ነው" አልኳት። አመሰገነችኝና ወንበር አቀረበችልኝ።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ ተመላለስኩ። ከዚያ አሞኛል ብዬ ቤት ዋልኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። "አንዱም አልተቀደደ። ተመስገን። ካንተ ምክር በኋላ እንቅልፌ ተመልሷል" ይላል። እርስዎ ሳያውቁ የሚያሳስት ምልክት ለጥፈው አመሰገኑኝ። እሷ ደግሞ እኔ እያወቅሁ ለለጠፍኩት ታመሰግነኛለች። የሰዓት ሠሪውን ስልክ እንደ ጨረስኩ ጫማዬን አድርጌ ወደ ቤቷ ሄድኩና ያደረግሁትን ነገርኳት። ያን ቀን ወንበር አላቀረበችልኝም።

የሕንፃው ሰዎች ወጡ፣ ለከተማው አመለከቱ፣ ቁፋሮው ቆመ። ሰው አልተጎዳም። እኔ ከሥራ ተባረርኩ፤ ይገባኛል። አሁን መስኮት በሚገጥም አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የመስኮት ልክ እወስዳለሁ። ትንሽ ሥራ ነው፤ ግን የምጽፈው ያየሁትን ነው።

"ያላየኸውን አትጻፍ" ብለው ያሳደጉኝ ሰው ይህን እንዲያነቡ ስላልፈለግሁ ነው የዘገየሁት። ግን ማመስገን አለብኝ። የእርስዎ ወረቀት ባይሳሳት ኖሮ የእኔ ውሸት እንደ ተለጠፈ ይቀር ነበር።

ካነበቡት በኋላ ይቅደዱት። በግራ በኩልም ቦታ ያልተውኩት ከሌሎቹ ጋር እንዳይጠረዝ ብዬ ነው።

መስኮቱስ? ይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 18

ይድረስ ለአቶ ሜትር፣ ለመስኮት ለኪው፤

ቤቴ ገብቻለሁ፤ ከዚሁ ከመቁረጫዬ አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። ጤናህን፣ ሥራህን፣ እንቅልፍህን ይባርክልህ፤ እንቅልፍህን ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ግድግዳው ቆሟል። ከሥሩ አዲስ መሠረት ገብቶለታል። ስንጥቁን ለሳኝ መጥቶ ሲዘጋ ወረቀቶቼን ሊያነሣ ታግሎ አቃተው፤ በላያቸው ለስኖ ሄደ። አንድ አዲስ መስታወት ግን እንዲለጥፉልኝ አድርጌያለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ዛሬ ጠዋትም አየሁት፣ ሙሉ ነው። የሰዓት ሠሪው ሰዓቶች ማነከስ ትተዋል። ካርቶኖቼን መለሰልኝ፣ አሥራ አራት ናቸው፤ ሲያረፍድ የሚያመካኝበት ስለጠፋው ተከፍቷል። መሐንዲሷ የሥራ መዝገቦቿን አምጥታ አስጠርዛኛለች። "እንደዚያች ወረቀት አድርገው ያጣብቁልኝ" ነው ያለችኝ። ስለዚህ አፓርታማው ደንበኛ አመጣልኝ፤ ያላየሁትን አልጻፍኩም።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። መስኮቱ የለም። መጋዘኑ እንደ ፈረሰ፣ ስንጥቁ ሳይወጣ ነው የደፈኑት። አፓርታማው ግድግዳችን ድረስ ስለሚመጣ በወሰን ላይ መስኮት አይፈቀድም አሉና በብሎኬት ሞሉት። ፈርሜ ነው የሰጠሁት። አንተ ያደግክበትን መስኮት ፈርሜ ሰጠሁ ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ሦስት ጊዜ ስትጠይቀኝ ሁለት ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ጻፍኩልህ። ከመስከረም ጀምሮ ቀን በመብራት ነው የምሰፋው። ሰዓት ሠሪው "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ቤት ንጋቱን ደፍነውታል፣ እውነቱን ብቻ እንጠብቅ" ይላል። ይኸው ጠብቆ አገኘ።

መሐንዲሷ "ስለ ደረሰብዎ ነገር ምን እናድርግልዎ?" ብላኝ ነበር። ብርሃን አልኳት። የላይኛው ፎቅ እኔ ስለሆንኩ ጣሪያው ላይ መስኮት እንከፍታለን፣ ስንት በስንት ይሁን አለችኝ። "ይህን የሚያውቅ ልጅ አለኝ፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ" አልኳት። መቁረጫው ከምሥራቁ ግድግዳ አራት ሜትር ከሃያ ይርቃል። የጣሪያው ተሸካሚ ብረቶች መካከል ሁለት ሜትር ከአሥር አለ። ራሴ መሰላል አስይዤ ለካሁት፤ ጉልበቴ ይመስክር። ልኩን ላክልኝ። ካንተ የምፈልገው አሁን ይህን ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ወንበር አላቀረበችልኝም ብለሃል። እኔም ብሆን አላቀርብልህም ነበር። በሩን ግን ከፍታልሃለች፤ አንተም ሄደህ አንኳኩተሃል። ለእኔ ይበቃኛል።

ደብዳቤውን ይቅደዱት ያልከውን አላደረግሁም። እኔ ወረቀት አልቀድም። መስፊያ ቦታ ስላልተውክለት ከግድግዳው ከተረፈኝ ወረቀት ጠባብ ቁራጭ ቆርጬ በጠርዙ ለጠፍኩለት፤ በእሱ በኩል ከሌሎቹ ጋር ሰፋሁት። ለግድግዳ ያልሆነው ወረቀት ለዚህ ሆኗል። ልልም ትቼለታለሁ፤ ስንት ጊዜ ቢከፈት አይላቀቅም።

በራስጌው የደረሰኝን ቀን ጻፍኩበት። ትክክለኛውን።

አክስትህ